ለቤት ዋጋ ሰጥተን «እስከ እሑድ እንጠብቅዎታለን» አልን፤ አሁን ሐሳባችን ተቀየረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አይተን ወደድነው። ሻጩ ባለቤታቸው ያረፉባቸው ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት ሳሎናቸው ቁጭ ብለን ባለቤቴ «በ7 ሚሊዮን 400 ሺህ እንገዛለን፣ እስከ ሳምንት እሑድ እንጠብቅዎታለን» አላቸው። እሳቸውም ከልጆቼ ጋር ልማከር አሉ፤ አንዷ ልጃቸው ዱባይ ናት። ስንወጣ ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ለመያዣ ትንሽ ነገር ጣል አድርጉ» ሲለን 50 ሺህ ብር በሞባይል ባንኪንግ ወደ እሱ አካውንት አስገባን። ሰኞ በቴሌግራም በድምፅ «ሽማግሌው በዚህ አይሆንም ብለዋል፣ 7 ሚሊዮን 900 ካደረጋችሁት ነገውኑ ውልና ማስረጃ እንገናኝ» አለን። መልስ አልሰጠነውም። የዚያኑ ዕለት ማታ አማቴን ቤቱን ልናሳያቸው ይዘናቸው ሄድን። ውሃ የለም፤ ደረጃው ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ሰው እየተሸከመ ይወጣል። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የሚኖሩት ደግሞ ከእኛ ጋር ነው። ቤቱን አንፈልገውም። ዛሬ ረቡዕ ለደላላው ስነግረው «ሽማግሌው ለስልሰዋል፣ በመጀመሪያው ዋጋ ሊስማሙ ነው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እምቢ ካላችሁ 50 ሺዋ ቀረች፣ የኔንም ሁለት ፐርሰንት ትከፍላላችሁ» አለኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደግሞ «እስካልተፈረመ ድረስ ማንም ምንም አይልሽም» ትለኛለች። ባለቤቴ ቃላችንን ሰጥተን እንዴት እንመለሳለን፣ ነውር ነው ይላል። ምን ይሻላል? (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደላላውም ተሳስቷል፣ ጓደኛሽም ተሳስታለች። የደላላው ስሕተት ግን ለኪሱ የሚያደላ ስሕተት ስለሆነ ትንሽ ይብሳል።

ነገሩ ስለሚቸኩል ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቤቱን ግዙ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። 50 ሺዋም የእናንተው ናት። ሁለት ፐርሰንት የሚባለውንም አትከፍሉም። ግን ዛሬውኑ ለሽማግሌው በራሳችሁ አፍ መንገር አለባችሁ። በደላላው በኩል አይሆንም።

ከጓደኛሽ ልጀምር። «እስካልተፈረመ ድረስ ነፃ ነሽ» የሚለውን አዲስ አበባ ውስጥ የማያምን ሰው ፈልጊ ብትዪኝ ያስቸግረኛል። ሕጋችን ግን እንደዚያ አይልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1690 መሠረት፣ እንዋዋል ብሎ ሐሳብ ያቀረበ ሰው የመልሱን ጊዜ ከወሰነ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ ይታሰራል። ሌላኛው ወገን ገና እሺ ባይልም፣ አንድ ወረቀት እንኳን ባይፈረምም ይታሰራል። ባለቤትሽ «እስከ እሑድ» ያለው ሽማግሌ አጣደፈ እንዳይባል በጨዋነት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ያቺ ጨዋ ቃል ቀን ቆርጣለች።

ቀን ባይቆርጥስ ኖሮ? ያኔም በማግሥቱ ትቼዋለሁ ብሎ መሄድ አይቻልም ነበር። ቀጣዩ ቁጥር 1691 ቀን ያልተቆረጠለት ሐሳብ ሌላኛው ወገን አስቦ ይወስናል ተብሎ በሚገመተው ጊዜ ያህል ያስራል ይላል። ይሄ ጊዜ እንደ ነገሩ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ደቂቃ የማይሞላው፣ ዱባይ ያለች ልጁን ለሚያማክር አባት ቀናት ሊሆን ይችላል።

መሰረዝ የሚባል ነገርም አለ፣ ቁጥር 1693 ላይ። እሱ ግን ጠባብ በር ነው። የሠራ እንዲሆን የመሰረዙ ወሬ ለሻጩ መድረስ ያለበት ከሐሳቡ በፊት ወይም እኩል ነው። በደብዳቤ ልከሽ ቢሆንና ደብዳቤው ሳይደርስ ደውለሽ «ተዉት» ብትዪ ኖሮ ይሠራል። እናንተ ግን ሳሎናቸው ቁጭ ብላችሁ ፊት ለፊት ነግራችኋቸዋል። ያ በር ቅዳሜ ዕለት ተዘግቷል።

እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እስከ እሑድ ድረስ አንገታችሁን ደፍታችሁ ጠብቁ እልሽ ነበር። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍሻት አንዲት መስመር አለች። ሰኞ «በዚህ አይሆንም፣ 7 ሚሊዮን 900 አድርጉት» ተብላችኋል። ይቺን መስመር ሳነብ እፎይ አልኩ።

ለምን መሰለሽ? ያ ቁጥር 1690 ራሱ ሐሳቡ ጊዜው ሳይደርስ ውድቅ ከተደረገ አቅራቢው ነፃ ይወጣል ይላል። ቁጥር 1694 ደግሞ ዋጋ ወይም ሌላ ነገር ቀይሮ የሚመጣ መልስ የቀድሞውን ሐሳብ እንደ መጣል ይቆጠራል፣ በቦታውም አዲስ ሐሳብ ሆኖ ይቆማል ይላል። ስለዚህ ሰኞ «አይሆንም» ሲባል የናንተ 7 ሚሊዮን 400 ሺህ ሞተች፤ እስከ እሑድ የምትለዋም አብራት ሞተች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ፣ መልስ ሰጪ ደግሞ እናንተ። መልስ አልሰጣችሁም። ዝም ማለት ደግሞ መስማማት አይደለም፤ ይሄም ቁጥር 1682 ላይ አለ። ሰርግ ላይ «ዝምታ እሺታ ነው» እየተባለ እንደሚቀለደው አይደለም።

አሁን ደላላው «ለስልሰዋል፣ በመጀመሪያው ዋጋ ሊስማሙ ነው» የሚለው ነገር፣ እውነት ቢሆን እንኳን፣ የሞተውን አያስነሳም። ሽማግሌው ዛሬ በ7 ሚሊዮን 400 ሺህ እሸጣለሁ ካሉ ከእሳቸው በኩል የመጣ አዲስ ጥያቄ ነው። እናንተም «እናመሰግናለን፣ ሐሳባችን ተቀይሯል» ማለት ትችላላችሁ። አለቀ።

ቆይ ግን። አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ብዙ ቤት ያሻሻጡ ደላሎችን አመል አውቃለሁና። ያቺ 7 ሚሊዮን 900 የማን ናት? በእርግጥ የሽማግሌው ቃል ናት? ወይስ ደላላው «ትንሽ ብገፋቸው ይጨምራሉ» ብሎ ከራሱ ኪስ ያወጣት ቁጥር ናት? እንዲህ የሚያደርግ ደላላ አለ። በአንድ በኩል ለሻጩ «ገዢዎቹ ሊጨምሩ ነው» ይላል፣ በሌላ በኩል ለገዢው «ሻጩ አልተስማሙም» ይላል፤ መሐል ላይ ዋጋውም ኮሚሽኑም ያብጣል። ሽማግሌው ከነጭራሹ «አይሆንም» ብለው የማያውቁ ከሆነ ሐሳባችሁ አልተጣለም ማለት ነው፣ እሑድም ገና በቦታዋ አለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። የሰኞዋን የቴሌግራም ድምፅ አታጥፊያት። ለባለቤትሽ ላኪለት፣ ሌላ ስልክ ላይም አስቀምጪ፤ ደላላው ከሱ በኩል ሊያጠፋት ይችላል፣ ከአንቺም ስልክ አብራ ልትጠፋ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ሽማግሌውን አግኝታችሁ በወሬ መሐል «ሰኞ 7 ሚሊዮን 900 ብለውን ነበር» በዪ። መልሳቸውን ከፊታቸው ታነቢዋለሽ።

ያቺ ቁጥር የደላላው ፈጠራ ሆና ብትገኝም ግን ሰማይ አይደፋባችሁም። ምክንያቱም ሌላ ግድግዳ አለ፣ ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው። ቤት በቃል አይሸጥም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ቁጥር 2877። ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መሆን አለበት ይላል ቁጥር 1723፤ በእኛ ከተማ ቋንቋ ይሄ ውልና ማስረጃ ነው። በሕግ የታዘዘው ፎርም ያልተሟላለት ነገር ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው፣ ቁጥር 1720። እናንተ ረቂቅ እንኳን የላችሁም፤ ያላችሁ ሳሎን ውስጥ የተባለ ቃል ነው። ሽማግሌው ዛሬ ማታ ደውለው «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» ቢሉም ያ ስልክ ቤት ገዢ አያደርጋችሁም።

ከዚህ በኋላ ግን አደራ፣ ደላላው «ለፎርማሊቲ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም» ብሎ ካፌ ውስጥ የሚዘረጋላችሁን ወረቀት እንዳትነኩ። ውልና ማስረጃ ያልሄደ ወረቀት ዋጋ የለውም ብለው ፈርመው፣ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው «አዎ ፊርማዬ ነው፣ ተዋውያለሁ» ካሉ በኋላ ነገሩ የተወሳሰበባቸው ሰዎች አሉ። ከፊርማ መራቅ ነፃ ነው።

«ታዲያ ውልና ማስረጃ እስካልሄድን ድረስ ማንም የማያስገድደን ከሆነ ጓደኛዬ በምን ተሳሳተች?» ትይኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤቱን አትገዙም ማለት ምንም አትከፍሉም ማለት አይደለም። እዚያው ሕግ ውስጥ ቁጥር 2055 የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ልዋዋል ነው ብሎ አስታውቆ፣ ሌላውን ሰው ወጪ ውስጥ ካስገባ በኋላ እንዲሁ በዘፈቀደ የተወ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። ጥፋተኛ ደግሞ ኪሳራ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ነው የዱባይዋ ልጅ የምትመጣው። አባቷ «ከልጆቼ ጋር ልማከር» ሲሉ ለወጉ ያሉት መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ባለቤታቸው አርፈዋል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተገኘ ከሆነ ግማሹ የሟች ነበር፣ ያ ግማሽ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ስለዚህ ሽማግሌው ቤቱን ብቻቸውን መሸጥ አይችሉም፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ ልጆቹም ይፈርማሉ፣ ወይም ውክልና ይሰጣሉ። ዱባይ ያለችው ልጅ ውክልና ለመስጠት ከሥራዋ ቀን ወስዳ ቆንስላ ትሄዳለች፣ ትከፍላለች፣ ሰነዱን ትልካለች፣ እዚህ ደግሞ ይረጋገጣል። ይሄን ሁሉ ለእናንተ ስትል ከጀመረች በኋላ ትታችሁ ብትጠፉ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ወጪዬን» ቢል የሚሰማው ዳኛ ሊያገኝ ይችላል። ትልቅ ብር ላይሆን ይችላል። ግን የሰው ድካም ነው። ዛሬውኑ ንገሯቸው ያልኩሽ ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ቀን እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል፤ ሌላ ገዢ ይመለሳል፣ ልጅቷ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ እሳቸው የሚከራዩት ቤት ማፈላለግ ይጀምራሉ።

በነገራችን ላይ፣ ውሃውና የአማትሽ ጉልበት «በዘፈቀደ» የሚባል ምክንያት አይደለም። ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ማየት ነበረባችሁ የሚል ሰው ይኖራል፣ ልክም ነው። ልደታ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሜክሲኮ የሚኖር ሰው ሊያጣው አይገባም፤ የናንተም ሠፈር ያው ነው። ግን ምድር ቤት ሆኖ በፈረቃ መጠበቅና አራተኛ ፎቅ ሊፍት በሌለበት ጀሪካን ይዞ መውጣት ለየቅል ናቸው። ሮቶ ይተከላል፣ ፓምፕ ይገዛል ብላችሁ አስባችሁ እንደነበር እገምታለሁ። ሮቶ ውሃውን ያወጣ ይሆናል፣ አማትሽን ግን አያወጣቸውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ሲሉ ነገሩ እዚያው አልቋል፤ ወደ ላይ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማሰብ አያስፈልግም።

አሁን ወደ 50 ሺዋ እንምጣ፣ ልብሽ እዚያ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቃለሁ።

ደላላው «ቀረች» ያለው ቀብድ ነው ብሎ ነው። ቀብድ የራሱ ሕግ አለው፣ ከቁጥር 1883 ጀምሮ። ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ማለትም በትክክል የተሰጠ ቀብድ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ቢተዉት 100 ሺህ ይመልሱላችሁ ነበር። ግን ሽማግሌው ምን ተቀበሉ? ምንም። ብሩ ያለው ደላላው አካውንት ውስጥ ነው። ሻጩ ገና «ልማከር» ላይ ናቸው። ውል በሌለበት ቀብድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሰው ዘንድ የተቀመጠ የእናንተ ገንዘብ ነው። አደራ በዪው።

አንድ አደጋ ብቻ አለ። ደላላው ነገ ጠዋት ብሩን ለሽማግሌው ወስዶ «ይኸው ቀብድዎ፣ ጨርሰናል» ቢላቸውና እሳቸውም በቅን ልቦና ቢቀበሉት፣ ምንም እንኳን በሕግ ልትከራከሩ ብትችሉ፣ ብሩ ከአንድ እጅ ወደ ሁለት እጅ ይዛወራል፤ ማስመለሱም ያን ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሽማግሌውን ስታገኟቸው ስለ 50 ሺዋም ንገሯቸው። «ደላላው ጋ 50 ሺህ ብር ሰጥተናል፣ እርስዎ እንዳይቀበሉት፣ ለእኛ ይመልስልን» በሏቸው። ብሩ መኖሩንም ላያውቁ ይችላሉ። ሲያውቁ ምን እንደሚሰማቸው ባላውቅም ከደላላው ጋር ያላቸው ወዳጅነት የሚጨምር አይመስለኝም።

ለደላላው ደግሞ በጽሑፍ ላኪለት፣ በድምፅ አይሁን። እንዲህ በዪው፦ «ቅዳሜ ለመያዣ ወደ አካውንትህ ያስገባነውን 50 ሺህ ብር እንድትመልስልን እንጠይቃለን። ቤቱን አንገዛም። ለሻጩ ራሳችን ነግረናል። ብሩን ለማንም አሳልፈህ እንዳትሰጥ። የአካውንት ቁጥራችን ያው የላክንበት ነው።» ይኼው ነው። ስድብ አትጨምሪበት፣ ልመናም አትጨምሪበት። የዝውውሩን ደረሰኝ ስክሪንሾት አብረሽ ያዢ፤ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ የጻፋችሁትንም እዪው። «መያዣ» ወይም «ለቤት» ካለ ምንም አይደለም። «ቀብድ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነም አትደንግጡ፣ ቃሉ ብቻውን ውል አይፈጥርም፤ ክርክሩ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ሁለት ፐርሰንቷ። ከ7 ሚሊዮን 400 ሺህ ላይ 148 ሺህ ብር ትሆናለች፤ ሳሎን ድረስ ሸኝቶ በቴሌግራም ድምፅ ለመላክ ጥሩ ክፍያ ነው። ደላላ የሚከፈለው አገናኝቶ ውሉ ሲያልቅ ነው። እናንተ ውል አልገባችሁም። ሌላ የፈረማችሁለት ወረቀት ከሌለ ኮሚሽን የሚባል ዕዳ የለባችሁም። ለመኪናው ነዳጅና ለድካሙ የሆነ ነገር ልስጠው ካልሽ ያ ያንቺ ፈቃድ ነው፣ እኔ ግን 50 ሺዋ እስክትመለስ ድረስ አምስት ሳንቲም አላነሳም ነበር።

አሁን ሽማግሌው። ስልካቸው የለሽም ብዬ እገምታለሁ፤ ደላላ የሻጭን ስልክ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ግን ቤቱን ታውቂዋለሽ። ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ከባለቤትሽ ጋር ሂዱ። ከሜክሲኮ ልደታ ስንት ነው፣ ባቡርም አለ፣ በእግርም ይደረሳል። ባለቤትሽ ይናገር፣ ቃሉን የሰጠው እሱ ስለሆነ ከእሱ ሲሰሙት ይሻላቸዋል። ብዙ አታብራሩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሰባት ሚሊዮን ከአራት መቶ ብለንዎት ነበር። እናቴን ይዘን መጥተን ደረጃው አልሆነላቸውም፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ስለዚህ አንገዛም። ሌላ ገዢ ካለዎት በእኛ ምክንያት እንዳይዙት ብለን ነው ራሳችን የመጣነው። ይቅርታ ያድርጉልን።» ይበቃል። የተጋነነ ምክንያት አትፍጠሩ፤ ባንኩ ከለከለን፣ ወንድማችን ታመመ ምናምን አያስፈልግም። ውሸት ተጨማሪ ጥያቄ ይወልዳል፣ «ባንኩን እኔ አናግርላችኋለሁ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እውነቱ ደግሞ ሽማግሌ በደንብ የሚገባው እውነት ነው፣ እሳቸውም ያንኑ ደረጃ ነው የሚወጡት።

«ዋጋውን ብቀንስላችሁስ?» ሊሉ ይችላሉ። ለዚህ ተዘጋጁ። እዚያው ላይ «እናስብበት» ካላችሁ ነገሩ እንደገና ይጀምራል፣ እሳቸውም እንደገና ቀን መቁጠር ይጀምራሉ። ከልባችሁ ካልፈለጋችሁ «ጋሼ፣ ዋጋው አይደለም» በሏቸውና ተነሡ።

ከቤታቸው እንደወጣችሁ ስልካቸውን ተቀብላችሁ ከሆነ አጭር መልእክት ላኩላቸው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እንደነገርንዎት ቤቱን አንገዛም፣ ስለ መስተንግዶዎ እናመሰግናለን።» ይቺ መልእክት ቀንና ሰዓት አላት። ለዚህ ነው የምትላከው። ስልክ ከሌላቸው ወይም መልእክት የማያነቡ ከሆነ አብሯቸው ያለውን ልጅ ስልክ ጠይቁ።

የባለቤትሽ ነገር። ነውር ነው ያለው አልተሳሳተም፣ ቃል መስጠትን እንደ ቀላል የማያይ ሰው አግብተሻል፣ ደስ ይበልሽ። ነውሩን የሚያመጣው ግን ስልክ አጥፍቶ መሰወር ነው፤ ሽማግሌው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ቡና አስፈልተው፣ በር በሩን እያዩ እንዲውሉ ማድረግ ነው። ረቡዕ ማታ ደጃቸው ድረስ ሄዶ «አልሆነልንም» የሚል ሰው ላይ ማንም ጣቱን አይቀስርም። እንደውም እሱ ራሱ ይሂድና ይንገራቸው፤ ሲመለስ ቀሎት ታዪዋለሽ።

ለሚቀጥለው ቤት ሁለት ነገር ብቻ ልበል፣ መፈለጋችሁን እንደማታቆሙ ስለማውቅ። ዋጋ ስትሰጡ ከነሁኔታው ስጡ። «ካርታው ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን ካየን በኋላ»፣ «እናታችን ቤቱን አይተው ከወደዱት» ካላችሁ ሐሳባችሁ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል፣ ማንም ደርሶ ታስራችኋል አይላችሁም። ቀን ስትቆርጡ ደግሞ አጭር ቁረጡ፣ «እስከ ነገ ማታ» በሉ። መያዣ የሚባል ነገር ለደላላ አይሰጥም። የሚሰጥ ካለ ለሻጩ ነው፣ በተፈረመ ወረቀት፣ ከነምስክሩ፣ ያውም ሁላችሁም ልትጨርሱ ስትነሡ። ቤቱንም ውሃ በሌለበት ቀን እዩት፤ እንዲያውም ማታ እዩት፣ ማታ ነው ሕንፃ እውነቱን የሚናገረው።

ደላላው ብሩን እንቢ ካለ? መጀመሪያ በጽሑፍ የጠየቅሽውን አስቀምጪ። ከዚያ እሱን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ከሌሎቹ ደላሎች አንጋፋው፣ በሽምግልና ይሞከር፤ እነሱ እርስ በርሳቸው ስማቸው እንዲጠፋ አይፈልጉም፣ ይሄ መንገድ ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። ካልሆነ ደረሰኙን፣ የሰኞዋን ድምፅና የዛሬዋን መልእክት ይዘሽ ጠበቃ አማክሪ። አደራ የተቀበለውን የሰው ገንዘብ ለራሱ ያስቀረ ሰው በወንጀልም እምነት በማጉደል ይጠየቃል፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 ነው። ይቺን ቁጥር ግን የመጀመሪያው መልእክትሽ ላይ አታስገቢያት። ለሁለተኛው ትቆይሽ።